ሰማይ የሚያርስ ባቡር

ፖስታው ግራጫ ነው፤ መስኮት አለው ፊቱ፤
ስሜ ብቅ ብሎ ያየኛል በመስኮቱ፣
ውባለም የምባለው ሴት፣ «ም» ተቆርጦብኝ፣
ዓለሜ ጎድሎ።
ቩፐርታል፣ ኅዳር ነው፤ ዝናብ ሲያካፋ ውሎ፣
የዳቦ ቤት ዱቄት ከጫማዬ ሳይራገፍ፣
ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በቁልፍ ጫፍ
ሆዱን ቀደድሁለት።

«ከስምንት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት ወር፣
የማይገባዎትን የሥራ አጥ ድጎማ ወስደው ነበር።
አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ዩሮ ከሃያ ሳንቲም፤
በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይመልሱ፤ ቀኑ አይራዘምም።»

ሃያዋ ሳንቲም ሳቅ አመጣችብኝ።
የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ የወለቀበት ቀን ጠፍቶብኝ፣
እኔ እናት ስረሳ፣
መንግሥት ሃያ ሳንቲሙን ስምንት ዓመት በጉያው ይዞ አልረሳ።

ዕዳ ከሜዳ ይላሉ፤ ሜዳ የለም እዚህ፤ ሸለቆ ነው ከተማው።
ዕዳ ግን ደረጃ ቆጥሮ መጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
በር ሳያንኳኳ፣ ጫማ ሳያወልቅ።

እውነቱን ልናገር።
ያን ወር ገንዘቡ ሲገባ አይቻለሁ።
«ያለፈው ቀሪ ይሆናል» አልሁ፤
ያልሁትንም አላመንሁ።
የልብስ ማጠቢያው ተዘግቶ፣ አምስት ወር በብርድ ልብስ ከርሜ፣
እንዴት ብዬ «ተሳስታችኋል» ልበል፣ ከመስታወቱ ፊት ቆሜ?
የማሞቂያውን ውዝፍ ከፈልሁ። ለያፌት ጫማ ገዛሁ፣
ሁለት ቁጥር አስበልጬ፣ እንዲያድግበት ብዬ።
አደገበት። ጠበበው። ተጣለ።
አሁን ከየትኛው እግር ላይ አውልቄ ልመልስላችሁ?

ወይዘሮ ሂልገርት ክፉ ሰው አይደሉም።
ጠረጴዛቸው ላይ ትንሽ ቁልቋል አለ፣
በሻይ ማንኪያ ውኃ የሚያጠጡት።
«ሥራ መጀመርዎን አላሳወቁም» አሉኝ፣ ኮምፒውተሩን እያዩ።
«አሳውቄያለሁ፤ በደብዳቤ።»
«እዚህ የለም።»
«የለም» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።
ሠላሳ ዩሮ በወር፤ ሠላሳ ስምንት ወር፤
ከዚያ ስድስት ዩሮ ከሃያ፤
ከዚያ ነጻ ሰው።

ማታ ያፌት አነበበው፤ እኔ የዘለልሁትን፣
ከግርጌው ያለውን፣ ጉንዳን የሚያህለውን ጽሕፈት።
አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ጎርንኗል።
«ለመቃወም አንድ ወር አለሽ» አለ።
ዝም አለ።
«እኮ ያንን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ እማ።
በእርሳስ፤ አንቺ እየነገርሽኝ።
'እናቴ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች' ብዬ ነበር፤
'ዳቦ ቤት' እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቅሁት፣
ዳቦ ሣልሁበት።»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።
ይህን የተረተ ሰው ቩፐርታልን አላየም፤
እዚህ ባቡሩ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ከወንዙ በላይ፣
የብረት ሞፈሩን ይዞ ሲያርስ ነው የሚውለው፣ ሰማይ።

ጠዋት ተሳፈርሁ። ጉልበቴ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት፤
«መዝገቤን አሳዩኝ» የሚል፤
ያፌት የጻፈው፣ አሁን በእስክሪብቶ፣ ያለ ስሕተት።
ምናልባት ዳቦው እዚያ አለ፣ በአንድ ምድር ቤት፣ በአንድ ሣጥን፣
የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠርዙን በእርሳስ ያጠቆረው።
ምናልባት አይጥ በልቶታል።
ምናልባት ተገኝቶም፣ ያየሁትን አይቼ ዝም ማለቴ
ይመዘንብኝና እከፍላለሁ።
እከፍላለሁም፤ ብድር በምድር ነው።
ግን መጀመሪያ ይፈልጉት።

መታጠፊያው ላይ ፉርጎው ተወዛወዘ፤
ከእግራችን ሥር መሬት የለም፣ ወንዝ ብቻ።
አጠገቤ ያለችው አሮጊት ቦርሳዋን ጨበጠች፤
እኔም ወረቀቴን።